ቁልፍ የተሰፋበት ድንኳን

ላሊበላ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢያቄም
ሐዋሳ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤ ሲጻፍ «ሁላችንም ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። እኔ ግን የሰውን ወግ በሰው መንገድ መጀመር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህና ስለ ራሴ ብቻ ልንገርህ። እኔ እኅትህ ትርንጎ ደህና ነኝ። መኪናዬም ትሰፋለች፣ ጉልበቴም እስከ ገበያ ያደርሰኛል። ዓይኔ ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል። አሁን የምታስገባልኝ ነጅሚያ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የጋሽ አብዱልከሪም ባለቤት። ረሳኋት እንዳትለኝ።

ይህን የምጽፍልህ ደጃችን ላይ፣ የቅሬው (እዚያ ሐዋሳ ዕድር የምትሉት) ድንኳን ሥር ተቀምጬ ነው። ጥጉ ተቀዶ ስለነበር ልጣፈው ብዬ ነውና ሌላ ነገር አታስብ። ገና ማለዳ ነው። ከአሸተን ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጣቴን ስላደነዘዘው ጽሕፈቴ ቢጣመምብህ አትፍረድብኝ።

ስልኩ ከጠፋ ሰነባበተ። ቢሠራም አልደውልልህም ነበር፤ ባለፈው ስደውልልህ ገና «ቅሬ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ዘጋህብኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን ምስጋኑ ያደርስልሃል። ከፍላቂት ወልድያ ሚኒባስ የሚነዳው የአክስታችን ልጅ ነው። ሐዋሳ ምን ጉዳይ አለው እንዳትል፣ ጉዳይ አለው። ዝምተኛ ነውና ብዙ አትጠይቀው፤ ፊቱንም ብዙ አትመልከት።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከምስጋኑ ጋር ተመልሰህ ና። ለምን እንደምትመጣ፣ ማን ፊትም እንደምትቆም እንዲገባህ ግን ከፓርቲህ መጀመር አለብኝ። ስለ እሱ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። አንተ ትናገር ነበር፣ እኛ እንሰማ ነበር።

በ2011 አገሩ ሁሉ ፓርቲ ሲያቋቁም አንተም አማረህ። አልፈርድብህም። ዕድሜህን ሙሉ ፈረንጅ እየመራህ ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ስትዞር፣ ሆቴሉን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲሠራው፣ የእኛ ልጅ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሻንጣ ሲጠብቅ እያየህ ኖርህ። ንዴትህ እውነት ነበር። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ልዩነታችን እኔ ንዴቴን በመቀስ ጨርቅ ላይ እወጣዋለሁ፣ አንተ ሞንታርቦ ገዛህ።

«የላስታ ሥርዓትና ርስት ፓርቲ» አላችሁት፤ ሕዝቡ አሳጥሮ «ሥርዓት» አለው። መሬት እንደ ጥንቱ ርስት ይሁን፣ በሰንበት ሱቅ ይዘጋ፣ ልጆች ከፊደል ጋር ዳዊት ይድገሙ፣ በከተማው ቦታ የሚያገኝ እዚሁ የተወለደ ብቻ ይሁን። ቢሯችሁ ከተዘጋው የስጦታ ዕቃ ሱቅ በላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ነበረች። የሬዲዮው ሰው «በላስታ የተመሠረተው ቀኝ ዘመም ፓርቲ» ሲል የሰማህ ዕለት መጀመሪያ ተቆጣህ፤ ኋላ ግን ደስ ብሎህ ለሰው ሁሉ አወራኸው። እምዬ ሰምታ «ቀኙስ ደግ፣ መዝመሙን ምን አመጣው?» ብላ ጠየቀችህ። አንተ ሳቅህ። እሷ የምሯን ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ወደዳችሁ። ከገነተ ማርያም፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ገበሬው በእግሩ እየመጣ ያቺን ክፍል ሞላት። «ርስት» የሚለውን ቃል አባቶቻቸው በሚጠሩበት ድምፅ ስትጠራው ሽማግሌዎች ዓይናቸው ውኃ ሲሞላ አይቻለሁ። ምልክታችሁ የበር ቁልፍ ነበር። በቢጫ ጨርቅ ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጨርቁን የገዛሁት ከጋሽ አብዱልከሪም ነው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ጥቅሉን ወደ ብርሃን አውጥተው እያገላበጡ «ይኸኛው ይሻልሻል፣ ዝናብ አያደበዝዘውም» ብለው መረጡልኝ። እሳቸው የመረጡት ቢጫ እውነትም አልደበዘዘም።

አሁን ስለ ቅሬው። አባታችን ያረፈ ጊዜ አንተ ጎንደር ተማሪ ነበርህ። ስትመጣ ወደ ቤት አላስገባንህም፤ የቅሬው ሽማግሌ አያ ጋሻዬ ቤት አሳደርንህ፣ ሲነጋጋ ቅሬው ተሰብስቦ ነገረህ። መሬት ልትወድቅ ስትል በብብትህ የያዙህ ጋሽ አብዱልከሪም ነበሩ። ጉድጓዱን ከቆፈሩትም አንዱ እሳቸው ናቸው። በእኛ ቅሬ ጥሩንባ ሲነፋ ክርስቲያኑም እስላሙም ይወጣል፤ የማን ሬሳ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ኋላ አንተ ጎልምሰህ የቅሬው ዳኛ ሲመረጥ ስምህን ያነሡት እሳቸው ናቸው። «አባቱ ደግ ዳኛ ነበር፣ ልጁም አፍ አለው» አሉ።

አፍ ነበረህ። ያን አፍ ይዘህ ነው ለትልቁ ሰልፍ የቅሬውን ድንኳን ከጎተራ አውጥተህ ገበያው ሜዳ ላይ የተከልኸው። ድንኳኑ ለሰርግ እንኳ ተሰጥቶ እንደማያውቅ፣ ሰው ሲሞት ብቻ እንደሚተከል ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዳኛው አንተ ነህ። ቁልፉንም እላዩ ላይ አሰፋኸኝ። ሰዉ ጎረፈ። አያ ጋሻዬ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከደጅ ቆሙና ጠየቁህ።

«ልጄ፣ ሬሳው የታለ?»

«አያ ጋሻዬ፣ ዛሬስ ለሕያዋን ነው የተከልነው» ብለህ በሞንታርቦው መለስህላቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አያ ጋሻዬ አልገቡም፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ። እምዬም አልገባችም። እኔ ውስጥ ነበርሁ፤ ንግግርህ ያምር ነበር፣ አልዋሽህም።

ያ ቀን የፓርቲህ ትልቁ ቀን ነበር። በምርጫው በእኛ ቀበሌ ሁለተኛ ወጣችሁ፤ ለእናንተ ድል ነበር። መንገድ ላይ «ዳኛው» ይሉህ የነበሩ ሁሉ «ሊቀ መንበር» ይሉህ ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው ያን ነገር ይዘህ ቅሬው ፊት የቆምኸው። የቅሬው አባል የላስታ ተወላጅ ብቻ ይሁን አልህ። የማንንም ስም አልጠራህም። ከመርሳ በኩል መጥቶ እዚህ የሸመገለ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሽ አብዱልከሪም ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እኔ በሬሳ ላይ አልከራከርም» አሉና ወጡ።

አያ ጋሻዬ ተከተሏቸው። ከዚያ ግማሹ ሰው ወጣ። የወጡት ወይራው ሥር ሄደው ያለ ድንኳን ቅሬያቸውን ቀጠሉ፤ አንተ ድንኳኑን ይዘህ የፓርቲውን ቅሬ አቋቋምህ። የእኛንም ቤት እዚያ አስገባኸው። እኔንም እምዬንም አልጠየቅኸንም። እምዬ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላችም፤ ጾም አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ሁለታችንም የምናውቀውን አልጽፍልህም። ፓርቲህ ግን በጥይት አልሞተም። ምክትልህ አዲስ አበባ ወርዶ ሌላ ፓርቲ ገባ። ሌላው የአባልነት መታወቂያውን በጭቃ ግድግዳ ውስጥ መረገው። ቁልፉን ደረታቸው ላይ አድርገው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች «እኔ እንኳ ለጨዋታ ነበር የሄድሁት» ማለት ጀመሩ። አንተ በቢሮህ ወንበር ላይ ብቻህን ትቀመጥ ነበር፤ ከታች ሳልፍ በመስኮቱ ራስህ ይታየኝ ነበር።

የአዳምን ቀን ግን መጻፍ አለብኝ። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ሰው ያሰባሰበልህ አዳም፣ መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ክረምት በሳንባው ሕመም ሞተ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ቁልፉ እላዩ ላይ እንዳለ። ድንኳን ነበረን፣ ትከሻ አልነበረንም። ቃሬዛውን አንተ፣ ዲያቆኑ ወንድሙ፣ እኔና ሚስቱ ሰብሌ ያዝን። ሚስት የባሏን ቃሬዛ ስትሸከም በዚህ አገር ማን አይቷል? ዳገቱ ላይ ሰብሌ ተደናቀፈችና ሬሳው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጥሩንባ ነፊው ከእነ አያ ጋሻዬ ጋር ስለነበር ማንም አልነፋ፣ እነሱም አልሰሙ። ኋላ ሲሰሙ አያ ጋሻዬ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። አንተም ከዚያ ቀብር ከተመለስህ ወዲህ አፍህ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም።

ፓርቲው ጉባኤ አላደረገምና ከመዝገብ ተሰርዟል የሚል ወረቀት ሲመጣ አንተ ቀድሞውኑ ልብህ ሄዶ ነበር። የጠየቀም፣ ያለቀሰም አልነበረም። ታፔላው አሁን የሰብሌ የዶሮ ቤት ክዳን ነው፤ «ርስት» የምትለው ቃል ብቻ ትታያለች፣ ሌላውን ዝናቡና ዶሮዎቹ ጨርሰውታል። ይህን ስነግርህ ልሳቅብህ ብዬ አይደለም። ትንሽ ግን ሳቅሁ።

አንተ ሐዋሳ ሄድህ፤ እኛ ያለ ቅሬ ቀረን። ያንተ ቅሬ ፈርሷል፣ ከድሮው ወጥተናል። እኔ ወጣ ገባ እላለሁ፣ እረሳዋለሁ። እምዬ ግን አንድ ቀንም አልረሳችው። ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዋን አጥፋ ደጃፍ ትቆማለች፣ ለቅሶ ቤትም ትሄዳለች፣ ግን ከሰው ጋር አትቀመጥም፤ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ነው። ማታ ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። «ትርንጎ፣ እኔን ማን ያወጣኛል?» የሰው አገር ላይ ያለህ አንተ ነህ፣ ያለ ሰው የቀረችው ግን እሷ ነበረች። ባለፈው የደወልሁልህ ይህን ልነግርህ ነበር።

አያ ጋሻዬ ዘንድ ሄጄ ለምኜ ነበር። «እኛ ማንንም አላስወጣንም፤ የወጣው ይምጣና ፊታችን ይቁም» አሉኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ደንቡ ነው፣ አንተም ዳኛ ሳለህ በሌሎች ላይ ፈርደህበታል። ስልኩን እንደዘጋህብኝ ለእምዬ አልነገርኋትም፤ «ሥራ ይዞታል» አልኋት። እሷም ድንኳኑን ከጎተራ እንዳወጣ፣ ቁልፉን እንድፈታው አዘዘችኝ። ጠንካራ ስፌት ነበር፤ የራሴ እጅ አይደል፣ በምላጭ ነው የፈታሁት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅሬው ወይራው ሥር ሲሰበሰብ፣ እምዬ ክንዴን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ሰዎቹ ፊት ስንደርስ ነው። ያን ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ወገቧ፣ አጎንብሳ ቆመች።

«የወጣው ልጄ ነው፤ ያስወጣው አፉ ነው» አለች። «ያን አፍ ጡት ያጠባሁት እኔ ነኝ። እኔን አስታርቁኝ።»

አያ ጋሻዬ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከሁሉ ቀድመው የተነሡት ጋሽ አብዱልከሪም ነበሩ፤ እንደ ወጣት ነው የሮጡት። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቷ አንሥተው ያዙት።

«እት ገለቴ፣ ይኼ ድንጋይ ከእንግዲህ የእኔ ነው» አሉ። «ደጄ ላይ አኖረዋለሁ። ኢያቄም የመጣ ቀን ይቀመጥበታል፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

እንዲህ ነው የታረቅነው። አንተም በሌለህበት ታርቀሃል፤ ደንቡን የሻሩት አያ ጋሻዬ ራሳቸው ናቸው። ድንኳኑን አስረከብሁ። እምዬ ስትመለስ ክንዴን አልያዘችም። ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና «በል እንግዲህ» አለች። ለማን እንዳለች አልጠየቅኋትም።

ስለ እምዬ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ጾሙ ሊገባ ሲል ደክማ ነበር፤ ቅበላ ላይ ትንሽ እህል ቀምሳለች። አሁን ምንም አያማትም። ማን ያወጣኛል እያለች የምትጨነቀውም ነገር አልቆላታል፤ ስለዚያ ነገር ሙሉ ልብህን ጣል። ሌላውን በደብዳቤ አልጽፍም። ጻፊ ብትለኝም እጄ አይታዘዘኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ ይህን እንኳ ካልነገርሁህ ልቤ ይፈነዳል። ድንኳኑ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ጊዜ ተተክሏል። ጥሩንባው ሲነፋ የወጣው ሰው ብዛት! ከገነተ ማርያም ድረስ መጡ። ያኔ ገበያው ሜዳ ላይ ያጨበጨቡልህም፣ ጥለውህ የወጡትም ነበሩ። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲተላለፍ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አልነካም። ሴት አልተሸከመችም። የፊተኛውን ጥግ፣ ለወንድ ልጅ የሚተወውን፣ ጋሽ አብዱልከሪም ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ለማንም ሳያቀብሉ ሄዱ። በሩ ላይ ለዲያቆኑ ሲያስረክቡ ትከሻቸው ደምቶ ነበር። የማን ቀብር እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትመጣ። አያ ጋሻዬ አሁን አርጅተዋል፣ ቤታቸውም ጠባብ ነው። ጋሽ አብዱልከሪም ራሳቸው «እኔ ቤት ይደር» ብለዋል፤ ሰው ሁሉ ተስማምቷል። ደጃቸው ላይ ድንጋዩን ታገኘዋለህ፣ ተቀመጥበት፤ አትፈር። ነጅሚያ የጾም ሽሮ ሠርታ ትጠብቅሃለች፣ እህል ሳትቀምስ እንዳትተኛ። መንገዱ ከደሴ ወዲህ አንዳንዴ ስለሚዘጋ ብትዘገዩም አትጨነቅ፣ እንጠብቃለን። ምስጋኑን ያለ አንተ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

ሲነጋጋ እኛ ወዳለህበት እንመጣለን። ሁላችንም፣ ቅሬው በሙሉ።

የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። እምዬ ጠዋት ጠዋት ትልህ እንደነበረው፣ በቀኝ ያውልህ።

የምትወድህ እኅትህ
ትርንጎ

ድንኳኑን ጠግኜ ጨርሻለሁ። ቁልፉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ሸራ ነጣ ብሎ፣ የመርፌው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል፤ በሌላ ጨርቅ ልሸፍነው አሰብሁና ተውሁት። የቅሬው ሰዎች ደጃችን ላይ እንዳለ ይቆይ፣ ኢያቄም እስኪገባ አንነቅለውም ብለዋል።